የትኛው የቢምቢ ማባረሪያ ይሻላል? ከቢምቢዋ አንቴና እንጀምር

ባለፈው ጥቅምት ከቤተሰብ ጋር አርባ ምንጭ ሄደን ነበር። ከአሜሪካ የመጣች የአክስቴ ልጅ እጇ ላይ ሎሚ ሎሚ የሚል የጎማ አምባር አድርጋለች። ሽታው ገና ከበር ይቀበላችኋል። እኔ የያዝኩት ደግሞ ምንም የማይሸት ቅባት ነበር። አሸተተችውና «ይሄማ ውሃ ነው፤ ቢምቢ ምኑን ትፈራዋለች?» አለችኝ። ማታ ውጭ ተቀምጠን ራት በላን። ጠዋት እግሯን ስታሳየኝ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ተነድፋለች። አምባሩ ግን አሁንም ይሸታል።

ሽታው የበረታ ማባረሪያ የተሻለ ይሠራል ብለን የምናምን ብዙ ነን። እኔም ለዓመታት ማባረሪያ የምመርጠው እያሸተትኩ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሳይንቲስቶች በቢምቢና በጉንዳን የማሽተት ጂኖች ላይ የሠሩትን ሥራ ማንበቤ ነው። እሱን ካወቃችሁ ገበያ ላይ ያሉትን አማራጮች ማወዳደር በጣም ይቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቢምቢ እንዴት ታሸታለች?

የምትነድፈው ሴቷ ናት። ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታል። ሰውን የምትፈልገው በሁለት አንቴናዎቿና አፏ አጠገብ ባሉ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ነው። እነዚህ ላይ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። በፀጉሮቹ ውስጥ ነርቮች፣ በነርቮቹ ላይ ደግሞ የሽታ ተቀባዮች አሉ። ተቀባይ ማለት አንድን ሽታ ሲያገኝ ነርቩን የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ነው። እያንዳንዱ ተቀባይ የራሱ ጂን አለው።

የዋናው የተቀባይ ቤተሰብ ቁጥር ከነፍሳት ነፍሳት ይለያያል። የወባ አስተላላፊዋ አኖፊለስ ጋምቢያ 79 ገደማ ጂኖች አሏት። ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕቲ ከ100 በላይ አሏት። ንብ 170 ገደማ። ጉንዳኖች ሁሉንም ይበልጣሉ፤ ከ300 በላይ፣ አንዳንዶቹም እስከ 500 የሚደርስ አላቸው። ብዙም አይገርምም። ጉንዳን ኑሮዋ ጨለማ ውስጥ ነው። እህቷን ከባዕድ የምትለየው፣ መንገዷን የምታገኘው፣ የንግሥቷን መኖር የምታውቀው በማሽተት ነው።

እነዚህ ተቀባዮች ብቻቸውን አይሠሩም። ሁሉም ኦርኮ ከሚባል አንድ ፕሮቲን ጋር መጣመር አለባቸው። የኦርኮን ጂን ማጥፋት ማለት የዚህን ቤተሰብ ተቀባዮች በሙሉ በአንድ ጊዜ ሥራ ማስፈታት ነው። ሳይንቲስቶቹም ይህንኑ አደረጉ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት ቡድኖች ኦርኮ የሌላቸው ጉንዳኖችን አሳደጉ። ጂናቸው በላቦራቶሪ የተቀየረ የመጀመሪያዎቹ ጉንዳኖች እነሱ ናቸው። ውጤቱን ሳነብ አዘንኩላቸው። ጉንዳኖቹ የእህቶቻቸውን ዱካ መከተል አቃታቸው። ከጎጆው ወጥተው ብቻቸውን ይንከራተታሉ። እንቁላል መጣልም ቀነሱ። አእምሯቸው ውስጥ ያለው የማሽተት ክፍል እንኳ በደንብ ሳያድግ ቀረ። ለጉንዳን ይህ ጂን የማኅበራዊ ኑሮዋ ምሰሶ ነው ማለት ነው።

ቢምቢስ? ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሌስሊ ቮስሃል ቤተ ሙከራ ያንኑ ጂን ከኤደስ ኢጂፕቲ ላይ አጥፍቶ ነበር። እነዚህ ቢምቢዎች ሰውን ከሌላ እንስሳ የመለየት ችሎታቸው ተዳከመ። የትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካገኙ ግን አሁንም ወደ ሰው መምጣታቸውን አልተዉም። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ተቀባይ አላቸው። በላባችን ውስጥ ላለው ላክቲክ አሲድ ደግሞ ኦርኮን የማይፈልግ ሌላ የተቀባይ ቤተሰብ አላቸው። የገላ ሙቀትና እርጥበትም ይጠራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደታየው ደግሞ አንድ የቢምቢ ነርቭ ላይ ከአንድ ቤተሰብ በላይ ተቀባዮች አብረው ይገኛሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እዚያው ነርቭ ላይ ተተክቶ ይሠራል።

በዚያው ዓመት ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጥናት ወጣ። አንዳንድ ሰዎች ለምን ከሌላው በላይ ይነደፋሉ ለሚለው ነው። እኛ «ደሙ ይጣፍጣታል» የምንለው ማለት ነው። ሰዎች ክንዳቸው ላይ የናይለን እጅጌ አድርገው ዋሉ። ከዚያ ቢምቢዎች የትኛውን እጅጌ እንደሚመርጡ ታየ። ብዙ የተመረጡት ሰዎች ቆዳቸው ላይ ካርቦክሲሊክ አሲድ የሚባሉ የቅባት አሲዶች በብዛት ነበሩ። ምርጫው ወር አልፎ ዓመት ሲተካም ብዙም አልተቀየረም። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነው። ኦርኮ የሌላቸው ቢምቢዎች እንኳ ተወዳጁን ሰው ከሌላው መለየት አላቃታቸውም።

ለገበያችን ይህ ምን ይነግረናል? ቢምቢ ወደ እኛ የምትመጣበት በር ብዙ ነው። አንዱን በር ብቻ የሚዘጋ ነገር አይበቃም። አንድ ጥሩ ሽታ ነስንሶ የሰውን ሽታ «መሸፈን» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ዲት ወይስ ፒካሪዲን?

በእኔ አስተያየት ዋናው ምርጫ ማባረሪያ ቅባቶች ውስጥ በሚገቡት በእነዚህ በሁለቱ ንጥረ ነገሮች መካከል ነው።

ዲትን የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1946 ነው የሠራው። ለሕዝብ የወጣው በ1957 ነው። እስካሁን ሌሎች የሚለኩት በእሱ ነው። እንዴት እንደሚሠራ ግን ሳይንቲስቶችን ለዓመታት አከራክሯል። ኦርኮ የሌላቸው ቢምቢዎች እዚህም ጥሩ ፍንጭ ሰጡ። ዲት የተቀባ ክንድ ሲቀርብላቸው ከሩቅ አልሸሹም፤ ቀጥ ብለው መጡ። ቆዳው ላይ ሲያርፉ ግን ሳይነድፉ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ምክንያቱ ተገኘ። ቢምቢዋ ዲቱን የምትለየው በእግሯ ነው። በቆመችበት እግር ትቀምሰዋለች።

በዚያው ዓመት በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወባ ትንኝ ላይ የተሠራ ሥራ ሌላ ነገር አሳየ። የአኖፊለስ አንቴና ለዲትም፣ ለፒካሪዲንም፣ አይ አር 3535 ለሚባለው ሌላ ማባረሪያም ምላሽ አልሰጠም። ብቻቸውን ሲሆኑ አልሸተቷትም ማለት ነው። ከሌላ ሽታ ጋር ሲቀላቀሉ ግን ያ ሽታ ወደ አየር እንዳይወጣ ይዘው አስቀሩት። ቆዳችን ላይም ይህንን የሚያደርጉ ከሆነ ቢምቢዋ እኛን ማግኘት ይቸግራታል። ኪዩሌክስ በምትባለው ሌላዋ ዝርያ ላይ ደግሞ ዲትን የሚያሸት ተቀባይ ተገኝቷል። ስለዚህ ዲት እንደ ዝርያዋ በተለያየ መንገድ ነው የሚሠራው። ከሩቅም ከቅርብም። ጥንካሬው ከዚህ ይመስለኛል።

ፒካሪዲን ከሱ በኋላ የመጣ ነው። በተመሳሳይ መጠን ሲሆን ከዲት ጋር ተቀራራቢ ይሠራል። ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ቆዳ ላይም አይጨቀይም። ትልቁ ልዩነት ዕቃ ላይ ነው። ዲት ፕላስቲክ ያሟሟል። የመነጽር ፍሬም፣ የሰዓት ማሰሪያ፣ የስልክ ሽፋን፣ የጥፍር ቀለም ሁሉ ይበላሻል። አንድ ጊዜ የመነጽሬ ክንድ ላይ የጣቴ አሻራ ቀርቶ አይቻለሁ። ፒካሪዲን ይህ ችግር የለበትም።

እንግዲህ የትኛውን? መንገደኛ ከሆናችሁ፣ መነጽርና ስልክ የምትነካኩ ከሆነ፣ ቅባት ቅባት ማለት ካስጠላችሁ 20% ፒካሪዲን ውሰዱ። የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። እሱ ካልተገኘ ከ20 እስከ 30% የሆነ ዲት ያለ ሥጋት ተጠቀሙ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ፐርሰንት ግን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። የሚናገረው ስለ ጥንካሬ ሳይሆን ስለ ቆይታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በተደረገ ንጽጽር 23.8% ዲት በአማካይ 5 ሰዓት ጠበቀ። 4.75% የሆነው 88 ደቂቃ። ከ50% በላይ ያለው ግን ተጨማሪ ጥቅም አያመጣም፤ ቆዳና ዕቃ ከማስቸገር በቀር።

አይ አር 3535 ለቆዳ ለስላሳ ነው። መጠኑ ትንሽ የሆነውን አትግዙ። በዚያው ንጽጽር 7.5% የሆነው የቆየው 23 ደቂቃ ብቻ ነበር።

ጠጅ ሳርና ሽቶ ባሕር ዛፍ

ወደ አምባሩ እንመለስ። አምባሩ ላይ ያለው ሲትሮኔላ የጠጅ ሳር የቅርብ ዘመድ ከሆነ ሣር የሚወጣ ዘይት ነው። ቢምቢ አትሸሸውም ማለቴ አይደለም። በጆንስ ሆፕኪንሱ ሥራ የጠጅ ሳር ዘይት የወባ ትንኟን አንቴና ቀስቅሷል። ዲት ያላደረገውን አድርጓል ማለት ነው። ታሸተዋለች፤ ደስም አይላትም።

ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ነገር ይበልጥ የሚሸተን በፍጥነት እየተነነ አየር ላይ ሲወጣ ነው። አየር ላይ የወጣው ደግሞ ቆዳችን ላይ የለም። ሲቀቡት ክፍሉን የሚሞላ ዘይት ቆዳውን ትቶ እየሄደ ያለ ዘይት ነው። ቅድም በጠቀስኩት ንጽጽር የሲትሮኔላ ቅባቶች 20 ደቂቃ ያህል እንኳ ሊቆዩ አልቻሉም። አምባሮቹ አንድ ደቂቃም አልሞሉ። አምባር ደግሞ ቢሠራ እንኳ የሚጠብቀው አንጓን ነው። ቢምቢ ወደ ቁርጭምጭሚት ትሄዳለች። የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው እሱ ነው።

ከዕፅዋት የሚመጣ ነገር ለሚፈልግ ሰው አንድ ጥሩ አማራጭ አለ። ፒኤምዲ ይባላል። የሚገኘው በእኛ ሀገር ሽቶ ባሕር ዛፍ ከምንለው፣ ቅጠሉ ሎሚ ሎሚ ከሚለው ዛፍ ነው። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የቅጠሉ ጥሬ ዘይት ፒኤምዲ አይደለም። ጥሬው ዘይት ቶሎ ይተናል፤ እንደ ሲትሮኔላ ነው። ፒኤምዲ ከዚያ ተለይቶና ተዘጋጅቶ የሚወጣው፣ ቶሎ የማይተነው ነው። የገበያ ዘይት በትንሽ ብልቃጥ ገዝተው «ባሕር ዛፍ ነው፣ ይሠራል» ብለው የሚቀቡ ሰዎች አውቃለሁ። ፒኤምዲ መሆኑ ጠርሙሱ ላይ ከነመጠኑ ካልተጻፈ ገንዘባችሁን አታውጡ። 30% ገደማ ያለው ሁለት ሰዓት ያህል ይጠብቃል። በረንዳ ላይ ለመቀመጥ ይበቃል፤ ለሌሊቱ ግን አይበቃም። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆችም አይቀባም።

ጭስ

ንብ የሚያረቡ ሰዎች ቀፎ ሲከፍቱ ጭስ ይሰጣሉ። አባቶቻችን ይህን የሚያውቁት ከጥንት ነው። ንብ ስትቆጣ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትረጫለች፤ ለእህቶቿ «ኑ ተናደፉ» ማለቷ ነው። ጭስ የንቦቹን አንቴና ለዚያ ሽታ ያደነዝዘዋል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይመለስላቸዋል። ንብ ለቁጣዋ በዚያ ሽታ ላይ በጣም ስለምትመካ ጭሱ ይሠራል።

ቢምቢ ላይ ተመሳሳይ ነገር መጠበቅ ግን ልክ አይደለም። የወይራም ሆነ የሌላ ጭስ ትንሽ ያርቃት ይሆናል፤ ሌሎቹ በሮቿ ግን ክፍት ናቸው። ሱቅ የሚሸጠው፣ እየተጠቀለለ የሚጨሰው አረንጓዴ ቀለበት የተለየ ነው። እሱ ውስጥ ፀረ ነፍሳት መድኃኒት አለ፤ የሚሠራው በመድኃኒቱ ነው። ነገር ግን የአንዱ ቀለበት ጭስ ደቃቅ ብናኝ ከ75 እስከ 137 ሲጋራ ከሚያወጣው ጋር እኩል ሆኖ ተለክቷል። በረንዳ ላይ ለኩሱት። መኝታ ቤት ዘግታችሁ፣ በተለይ ሕፃን ባለበት፣ እባካችሁ አታጭሱት።

ጭስን ካነሣሁ ዶሮን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች የሠሩትን አወጡ። የሀገራችን ዋና የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢያንሲስ ከብትም ሰውም ትነድፋለች፤ ዶሮን ግን ትሸሻለች። ሰዎች አጎበር ውስጥ ተኝተው አጠገባቸው በሳጥን የተያዘ ዶሮ ሲንጠለጠል፣ እዚያው በተደረገው የትንኝ ወጥመድ ውስጥ የገባው ትንኝ ቀነሰ። ከላባው የተለዩ ሽታዎችም ብቻቸውን ተመሳሳይ አደረጉ። ዶሮ አስተኙ እያልኩ አይደለም። በሰዎቹ ላይም አጎበሩ እንዳለ ልብ በሉ። ግን ከእኛው መንደር የወጣ እንዲህ ያለ ግኝት በጣም ያኮራኛል፤ አንድ ቀን ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ባየው ደስ ይለኛል።

አጎበር፣ ልብስ፣ ሰዓት

አጎበር ከሁሉም ጋር የሚወዳደር አይደለም። ግድግዳ ነው። ስንት ተቀባይ ቢኖራት ቀዳዳ ከሌለው አትገባም። በሀገራችን አኖፊለስ የአጎበሩን መድኃኒት መልመዷ እውነት ነው፤ ያልተቀደደ አጎበር ግን መድኃኒቱ ቢደክምም ይከላከላል። ለተኛ ሰው ቅባት ከአጎበር አይበልጥም። ሁለቱን ለማወዳደር አትድከሙ፤ ውጭ ስትሆኑ ቅባት፣ ስትተኙ አጎበር።

ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ልብስ ለእርሻና ለመስክ ሥራ ጥሩ ነው። ቆዳ ላይ ግን አይቀባም። ድመት ያላችሁ ደግሞ ፈሳሹ እስኪደርቅ አርቋት፤ ይገድላታል። ንብንም ይገድላልና ቀፎ አጠገብ አትርጩት።

ሰዓቱ ግን ከሚታሰበው በላይ ወሳኝ ነው። ብዙዎቻችን ቢምቢ የማታ ጠላት ናት ብለን ነው ያደግነው። ኤደስ ኢጂፕቲ የምትነድፈው ቀን ነው። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ወረርሽኝ ያየችው በእሷ ነው። ለዴንጊ አጎበር ብዙ አይረዳም፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የተቀባ ቅባት ነው የሚረዳው። ሌላዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ናት። ከደቡብ እስያና ከአረብ ባሕረ ገብ መሬት የመጣች የወባ ትንኝ ናት። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ነው። በበርሜልና በውሃ ታንከር ውስጥ ስለምትራባ ከተማ ይመቻታል። በ2022ቱ የድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝ እጇ ነበረበት። «ከተማ ነው የምሄደው» ብላችሁ ቅባቱን እቤት አትተዉት።

ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ ከውጭ የሚመጣ

ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ምንም አይቀባም፤ አጎበር ብቻ። ከዚያ በላይ ላለ ልጅ እስከ 30% ዲት ወይም ፒካሪዲን ይቻላል። የምትቀቡት እናንተ ናችሁ፤ መዳፉና ዓይኑ አካባቢ አታድርጉ፤ አፉ ይገባል። ለነፍሰ ጡር እናት ብዙ ሰው ዲትን ይፈራል። ታይላንድ ውስጥ በሁለተኛውና በሦስተኛው የእርግዝና ወቅት 20% ዲት በየቀኑ የተቀቡ እናቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ነው፣ እናቲቱም ሕፃኑም ላይ ጉዳት አልታየም። ወባ ለነፍሰ ጡር ያለውን አደጋ ሳስብ እኔ እህቴን ተቀቢ ነው የምላት።

የፀሐይ መከላከያ የምትቀቡ ከሆነ እሱ ይቅደም፤ ማባረሪያው ከላይ ይሁን። ልብስ ስር አይቀባም። ስትገቡ ታጠቡት።

ቫይታሚን ቢ፣ የስልክ ድምፅና ነጭ ሽንኩርት መብላትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፋቸው፤ ገንዘብም ጊዜም አትስጧቸው።

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል ለሚመጡ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ነገር አለኝ። ቆላ ተወልዳችሁ ብታድጉ እንኳ ሰውነታችሁ ለወባ የነበረው መቋቋም ከዓመታት በኋላ ይጠፋል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም። ከ2,000 ሜትር በታች የምትወርዱ ከሆነ ቅባቱ መከላከያ ክኒኑን አይተካም፤ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ወራት ቢያልፉም፣ «ኢትዮጵያ ቆላ ነበርኩ፤ የወባ ምርመራ ይደረግልኝ» በሉ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። እዚያ ያለ ሐኪም ካልነገራችሁት ወባን ላያስብ ይችላል።